የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጥፎ ጠረን፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት በደስታ ያሳልፋል፤ ከዚያ አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ረጥቦ ያደረ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ይቀበለዋል። በጎንደር ማሽን ስጠግን በቆየሁባቸው ዓመታት «ማሽኑ ሸተተን፤ ምናልባት ተበላሽቶ ይሆን?» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ የተበላሸ ዕቃ አላገኘሁም። ያገኘሁት የተረፈ ሳሙና፣ የረጋ ቅባትና መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ከዚህ በታች የሰፈሩት መልሶች በዋናነት ከፊት ለሚከፈቱ ማሽኖች የተዘጋጁ ናቸው፤ ከላይ የሚከፈቱትን ወይም ባለ ሁለት በርሜሎቹን የሚመለከት ነገር ሲኖር በየቦታው ተጠቅሷል።

ሁልጊዜ በሳሙና የሚሠራ ዕቃ እንዴት ሊሸት ይችላል?

ሳሙናው የሚያጥበው ልብሱን ነው፤ ማሽኑን የሚያጥብለት የለም። በሩን ሲከፍቱ የሚታይዎት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ከበሮ ብቻ ሲሆን፣ ከእሱ ጀርባ ውሃውን የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ሌላ ትልቅ በርሜል አለ። ከልብስ የሚወጣው የሰውነት ቅባት፣ የቆዳ ርጋፊና የክር ብናኝ፣ እንዲሁም ሳይሟሟ የቀረው ሳሙናና የልብስ ማለስለሻ፣ ከውሃው ጋር ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከፊሉ በዚህ በማይታየው በርሜል ግድግዳ፣ በቱቦዎቹና በበሩ ጎማ እጥፋት ላይ ይለጠፋል። ባክቴሪያና ሻጋታ እርጥበትና ምግብ ስላገኙ እዚያው ይራባሉ፤ ንፍጥ የመሰለ ስስ ሽፋን ሠርተው ስለሚቀመጡም ተራ እጥበት አያስለቅቃቸውም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ታጥቦም የእርጥብ ጨርቅ ሽታ የማይለቀው ልብስ ላይ ጠረኑን በዋናነት የሚፈጥረው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ባክቴሪያ መድረቅን ስለሚቋቋም፣ ሲደርቅ ምንም የማይሸት ፎጣ ውሃ ሲነካው እንደገና መሽተት ይጀምራል።

በእኛ ቤቶች ግን በየትኛውም የማሽን መመሪያ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ቅቤ ነው። ፀጉር ተቀብቶ የታሰረበት ሻሽ፣ የትራስ ልብስና የነጠላ ጠርዝ ብዙ ቅቤ ይዘው ወደ ማሽኑ ይገባሉ። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በ30 ዲግሪ ሲታጠብ ቀልጦ አይወጣም፤ እንደ ሰም ተፍቆ በበርሜሉ ላይ ይቀባል። እዚያም ይቆይና መሻገት ይጀምራል። ማሽንዎ የቆየ ቅቤ የሚሸት ከመሰለዎት፣ አፍንጫዎ አልተሳሳተም።

የሚሸተው ማሽኑ ነው ወይስ ልብሱ? እንዴት ልለይ?

ይህን መለየት ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ጊዜ፣ ከማሽኑ ጥሩ ሆኖ የወጣ ልብስ በገመድ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ረጥቦ ሲቆይ መሽተቱ አይቀርም። የዚያ ጥፋት የማሽኑ አይደለም። ለመለየት ማሽኑን ለአንድ ሌሊት በሩን ዘግተው ያሳድሩና ጠዋት ሲከፍቱ ወዲያው ያሽትቱ። ከዚያ ንጹሕና ደረቅ ፎጣ ብቻውን ያለ ሳሙና በአጭር እጥበት አጥበው፣ ገና እርጥብ ሳለ ያሽትቱት። ሁለቱም ጊዜ ከሸተተዎት ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ነው። ከማሽኑ ሲወጣ ምንም ያልነበረው ፎጣ ገመድ ላይ ውሎ ከሸተተ ግን ማሽኑን ትተው የማድረቂያውን ቦታ ያስቡበት፤ ልብሱን ሁለት ጊዜ ማስጨመቅና ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ አራርቆ መስቀል ብዙ ይረዳል።

ማጽዳቱን ከየት ልጀምር?

ከበሩ ጎማ ይጀምሩ። ብዙ ሰው የከበሮውን ውስጥ ወልውሎ ጨረስኩ ይላል፤ ነገር ግን ከበሮው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ንጹሕ የሆነው ክፍል ነው። በአንድ ወቅት አዘዞ አካባቢ በአንድ ቤት፣ ማሽናቸውን ሊሸጡት የወሰኑ እናት ዓይናቸው እያየ የጎማውን የታችኛውን እጥፋት በሁለት ጣቴ ገልብጬ አሳይቻቸው ነበር። ከውስጡ የወጣው የፀጉር መያዣ፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም፣ የተቆረጠ የማተብ ክርና የሕፃን ካልሲ ሲሆን፣ ሁሉም ግራጫ በሆነ ሙልጭልጭ ባለ ነገር ተለውሰው ነበር። ካልሲው ከጠፋ ወራት እንዳለፈው እናትየዋ ነገሩኝ። ማሽኑ አልተሸጠም።

ጎማውን ለማጽዳት እጥፋቱን ዙሪያውን እየገለበጡ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና በራሰ ጨርቅ ይወልውሉት፤ ጨርቅ የማይደርስበትን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሹት። በታችኛው እጥፋት ላይ ውሃ የሚያወርዱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉ በክርና በፀጉር አለመደፈናቸውን ይመልከቱ፤ ከተደፈኑ ውሃው በእያንዳንዱ እጥበት እዚያው ይቀራል። ጥቁር ነጠብጣብ የሆነ ሻጋታ ካለ በውሃ የቀጠነ በረኪና ያራሱበትን ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል አስደግፈውበት፣ ከዚያ በደንብ ያለቅልቁት። ጥቁሩ ቀለም ጎማው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ሽታው ከጠፋ ግን ቀለሙ ብዙም አያስጨንቅም።

ቀጥሎ የሳሙና መሳቢያው ነው። አብዛኞቹ መሳቢያዎች መሐል ላይ ያለችውን ምላስ ጫን ሲያደርጓት ሙሉ በሙሉ ይወጣሉ። ከሥሩ የረጋ ሳሙና፣ በተለይ በማለስለሻው ክፍል ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ያገኛሉ። መሳቢያውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው እያለ፣ መሳቢያው የገባበትን ጎድጓዳ ቦታ ጣሪያውን ጭምር በብሩሽ ያጽዱ፤ ውሃው የሚረጨው ከጣሪያው ስለሆነ ሻጋታ የሚወደው ያንን ቦታ ነው።

በመጨረሻ ከታች በስተቀኝ ወይም በስተግራ ጥግ ካለችው ትንሽ ክዳን ጀርባ የሚገኘውን የፓምፕ ፊልተር ያጽዱ። አስቀድመው ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሙቅ እጥበት ከነበረ ውሃው እስኪበርድ ይጠብቁ። ከክዳኑ አጠገብ ቀጭን የማፍሰሻ ቱቦ ካለ በመጀመሪያ ውሃውን በእሱ ወደ ዝርግ ሰሃን ያውጡ፤ ከሌለ ፊልተሩን በጥቂት በጥቂቱ እየፈቱ ያፍስሱ። የሚወጣው ውሃ ከሚጠብቁት በላይ ሊበዛ ስለሚችል ወለሉ ላይ አሮጌ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ሽታውም ከባድ ስለሚሆን መስኮት ይክፈቱ። ፊልተሩን አጥበው ሲመልሱ ጥርሱን በትክክል ያግጥሙት፤ አለዚያ በሚቀጥለው እጥበት ውሃ ያፈስሳል።

ባለ ሁለት በርሜል ማሽን ያላቸው ሰዎች ይህን ፊልተር ፈልገው አያገኙትም። በእነዚያ ማሽኖች በማጠቢያው ግድግዳ ላይ ያለውን የክር መያዣ ከረጢት በየእጥበቱ ገልብጦ ማጠብ፣ አልፎ አልፎም ከበርሜሉ ወለል ላይ ያለውን መዘውር ብሎኑን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ማውጣት ያስፈልጋል።

የበርሜሉን ውስጥ በምን ልጠበው? በበረኪና ወይስ በአቼቶ?

በሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ግን በፍጹም አይሆንም። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፤ ይህ ጋዝ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፣ በተለይ ማሽኑ መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ አደጋው የከፋ ነው። ዛሬ በረኪና ከተጠቀሙ፣ አሲድ ያለበትን ነገር ለሌላ ቀን ያስቀምጡት።

ሁለቱ የሚሠሩት ሥራም የተለያየ ነው። ባክቴሪያንና ሻጋታን ለመግደል በረኪና ይበልጣል። ልብስ በሌለበት ከበሮ ውስጥ ወደ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ ጥቂት የሚበልጥ በረኪና ጨምረው፣ በ60 ዲግሪ ረጅሙን እጥበት ያስጀምሩ፤ ሲያበቃ ሽታው እስኪለቅ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ባዶውን ያስለቅልቁት፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚገባው ባለ ቀለም ልብስ ይነጣል። የማሽኑ መመሪያ በረኪናን የሚከለክል ከሆነ ግን የመመሪያው ቃል ይቅደም።

አቼቶም ሆነ ሲትሪክ አሲድ የሚጠቅሙት ከውሃ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ቅርፊት ለማሟሟት ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ማሽንዎም ይይዛል፤ ቅርፊቱ ሻካራ ስለሆነም ቅባትና ቆሻሻ ይለጠፍበታል። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው ሲትሪክ አሲድን ነው፤ 100 ግራም ያህሉን ባዶ ከበሮ ውስጥ ጨምሮ በ60 ዲግሪ ማጠብ ይበቃል። አቼቶ በየሳምንቱ ሲደጋገም ጎማውንና ማሸጊያዎቹን ቀስ በቀስ እንደሚያደርቅ ስለሚታወቅ የዘወትር ልማድ ባይሆን ይሻላል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በእኛ ቤት ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሽኑ ላይ 90 የሚለው ምልክት እንግዲህ በእኛ ዘንድ ከመፍላት ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነው ማለት ነው። ለጽዳት 60 ዲግሪ ስለሚበቃ ጎማና ቱቦ የሚያስጨንቅ ሙቀት መጠቀም አያስፈልግም።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ተቀላቅለው ሲፈሉ ቆሻሻውን ይነቅላሉ ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ያ ሁሉ አረፋ ሁለቱ እርስ በርስ እየተሻሩ መሆናቸውን ያሳያል፤ አረፋው ሲያልቅ በእጅዎ የሚቀረው ከውሃ ብዙም የማይለይ ነገር ነው። ከፈለጉ በተለያየ ቀን አንድ በአንድ ይጠቀሙባቸው።

ኦሞ ጨምሬ ባጥብ ጠረኑ አይጠፋም?

ይባስ ይሸታል። በእጅ ሲታጠብ የለመድነው አረፋ የንጽሕና ምልክት ስለሚመስለን፣ ማሽኑም አረፋ ካላሳየን የታጠበ አይመስለንም። ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ የዱቄት ሳሙና ሆን ተብሎ ብዙ አረፋ እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ ከፊት የሚከፈት ማሽን ደግሞ የሚጠቀመው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ያን ሁሉ አረፋ አለቅልቆ ሊያወጣው አይችልም። የቀረው ሳሙና በርሜሉ ላይ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው እጥበት ቅባት ይለጠፍበታል፤ እንዲህ እያለ ይወፍራል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «አውቶማቲክ» የሚል የተጻፈበትን ሳሙና ይግዙ፤ መጠኑንም ከተጻፈው አያስበልጡ። ለመካከለኛ ጭነት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ብዙም አያስፈልግም። ማለስለሻ ደግሞ ራሱ ቅባትነት ስላለው፣ ማሽኑ እስኪድን ድረስ ቢተውት ይመረጣል።

እንዶድን የጠየቁኝም አሉ። እንዶድ ነጠላ ለማጠብ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ጥሩም ያጥባል። ነገር ግን አረፋው ብዙ፣ ፍሬውም ቅንጣት የሚተው ስለሆነ ከገንዳ አልፎ ማሽን ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እጥበቱ መሐል ላይ ይቋረጣል። ልብሱ ሳሙናው ውስጥ ቢያድር ምን ይሆናል?

በጎንደር የማየው የሽታ ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ለብ ያለ፣ ሳሙናና ላብ ያለበት ውሃ ከልብስ ጋር ተዘግቶ ሲያድር ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ይራባል። አንድ ሌሊት ያደረ ልብስ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ሁለተኛ ቢታጠብ ይለቃል። ችግሩ በወር ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ከማስጀመርዎ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሙሉ እጥበት የሚበቃ ውሃ በበርሜል ወይም በጀሪካን ይኑርዎት፤ እንደ ማሽኑ መጠን ከ50 እስከ 70 ሊትር ይዘው ቢያስቡ አይሳሳቱም። ውሃው መሐል ላይ ከጠፋ፣ ማሽኑ ውሃ በሚጠይቅበት ሰዓት ከጀሪካን በሳሙና መሳቢያው በኩል ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ይቻላል። ጨርሶ ውሃ ከሌለ ደግሞ ልብሱን እዚያው ከማሳደር ይልቅ፣ የማፍሰሻና የመጭመቂያውን ሥራ ብቻ መርጠው ውሃውን ያስወጡ፤ ልብሱን አውጥተው ገመድ ላይ ያስጡት። ሳሙናው ያልለቀቀው ልብስ ደርቆ ይጠብቅዎታል፤ ውሃ ሲመጣ ያለቀልቁታል።

መብራት ጠፍቶ ከሆነ በሩ ተቆልፎ ሊቆይ ይችላል። በጉልበት አይሳቡት፤ መቆለፊያው ይሰበራል። ከላይ በተገለጸው ቱቦ ወይም ፊልተር ውሃውን ካወጡ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁ በብዙዎቹ ማሽኖች ይለቃል።

ማሽኔ የሚሠራው ከሮቶ በሚወርድ ውሃ ነው። ይህ ከሽታው ጋር ይገናኛል?

በሁለት መንገድ ይገናኛል። አንደኛው ግፊት ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃሉ፤ 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ስለሚሰጥ፣ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ይኖርበታል ማለት ነው። በግቢ ውስጥ በሦስት ሜትር ብረት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ይህን አያሟላም። ማሽኑ ውሃ መሙላቱን ይሞላል፤ ነገር ግን ውሃው ቀጭን ስለሆነ ሳሙናውን ከመሳቢያው ጠርጎ አያወርደውም፤ የረጠበው ሳሙና እዚያው ይረጋና ይሻግታል። ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገባት መፍትሔ ነው። ይህ እስኪሆን ሳሙናውን መሳቢያው ውስጥ ከማድረግ በውሃ በጥብጠው ከበሮው ውስጥ ቢያፈስሱት ይሻላል።

ሁለተኛው ደለል ነው። የከተማዋ ውሃ ከሚመጣባቸው ዋነኛ ምንጮች አንዱ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል የሚቸገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሮቶም ለብዙ ጊዜ ሳይታጠብ ሲቀር ከሥሩ ጭቃ ይይዛል። ይህ ጭቃ ከማሽኑ ጀርባ የውሃ ቱቦው በሚገባበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል፤ ያለፈው ደግሞ በርሜሉ ላይ ይቀመጣል። ቧንቧውን ዘግተው ቱቦውን ይፍቱ፤ ወንፊቷን በፒንሳ ስበው አውጥተው በብሩሽ ይጠቡ። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ይህን ማድረግ ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው። ሮቶው ራሱ የሚሸት ከሆነ ማሽኑን መቶ ጊዜ ቢያጸዱት ከንቱ ነው።

የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ነው ያለው። ይህስ?

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣ ነው። የማፍሰሻው ቱቦ የሚገባበት መስመር ሲፎን (ውሃ ይዞ የጉድጓዱን ጋዝ የሚያግድ የቧንቧ እጥፋት) ከሌለው፣ ወይም ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ለረጅም ጊዜ ባለመጠቀም ከደረቀ፣ የጉድጓዱ ጋዝ በቱቦው በኩል ወደ ከበሮው ይወጣል። ማሽኑን ለሳምንታት ሳይጠቀሙ ሲቀሩ የሚጀምር ሽታ ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ፤ ሁለት ጣሳ ውሃ ፍሳሹ ውስጥ አፍስሰው ሽታው መቀነሱን ይመልከቱ። ሲፎን ጭራሹን ካልተገጠመ የቧንቧ ሠራተኛ ያስገጥም። ሌላው ስሕተት ቱቦውን ወለል ላይ ባለ የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ዝቅ አድርጎ መጣል ነው፤ ቱቦው ከወለሉ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ታጥፎ ካልወረደ ቆሻሻው ውሃ ወደ ማሽኑ ሊመለስ ይችላል።

የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

ማጠቡን ወዲያው ያቁሙ፤ ከሶኬት ይንቀሉና ባለሙያ ይጥሩ። ይህ የቀበቶ፣ የሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ጉዳይ እንጂ የጽዳት ጉዳይ አይደለም። ማሽኑ ከካርቶኑ ገና የወጣ አዲስ ከሆነና መለስተኛ የጎማና የፕላስቲክ ሽታ ብቻ ካለው ግን ባዶውን ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃዋል።

ጋቢና ቡልኮ ማሽን ውስጥ ማጠብ ሽታ ያመጣል?

ጋቢ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ቡልኮማ ከዚያ ይብሳል። ትንሽ ከበሮ ውስጥ ታጭቀው ሲገቡ ሳሙናው ወደ መሐላቸው አይገባም፤ ከገባም አይወጣም፤ ማሽኑም በሚዛን መዛባት ምክንያት ሳይጨምቅ ያቆማል። እንዲህ ውሃ እንዳዘለ ከበሮው ውስጥ ያደረ ጋቢ ጠረኑን ለማሽኑ ያወርሳል። በ7 ኪሎ ማሽን አንድ ጋቢ ብቻውን ይግባ፤ ቡልኮን ለገንዳና ለጠንካራ ክንድ ይተዉት። ለጥምቀት የሚዘጋጅ ባለ ጥበብ ነጠላና ቀሚስ ቀለሙ ስለሚለቅ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ቢታጠብ ይመረጣል። ነጭ ፎጣና አንሶላን ግን በየጊዜው በ60 ዲግሪ ያጥቡ፤ ይህ ልብሱንም ማሽኑንም በአንድ ጊዜ ያጸዳል።

በየስንት ጊዜው ላጽዳ?

ጎማውን በየእጥበቱ መጨረሻ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መሳቢያውን በየሁለት ሳምንቱ፣ ፊልተሩንና የበርሜሉን ባዶ እጥበት በየወሩ፣ የጀርባውን ወንፊት በዓመት ሁለት ጊዜ ማጽዳት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። በቤቱ ፀጉሩን ቅቤ የሚቀባ ሰው ካለ ሻሹንና የትራስ ልብሱን ማሽን ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፈው ቅቤውን ያስለቅቁ።

የማሽኑን በርና መሳቢያ ከእጥበት በኋላ ሁልጊዜ ገርበብ አድርገው ይተዉ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግን በሩን እንዲሁ ክፍት መተው አደገኛ ነው፤ ልጅ ከበሮው ውስጥ ገብቶ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። በዚያ ቤት ልጆቹ እስኪተኙ በሩ ይዘጋ፤ ማታ ይከፈት፤ ወይም ማሽኑ ያለበት ክፍል ይቆለፍ።